አጥርና ወሰን በወገራና በስሜን ግርጌ

በኢትዮጵያ ደጋ ስለ መሬት ይዞታ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚመረመረው የመሬቱ ባለመብት ማን እንደ ሆነና ግብሩ ለማን ይከፈል እንደ ነበረ ነው። የመሬቱ ጠርዝ፣ ይኸውም የአንዱ ማሳ አልቆ የሌላው የሚጀምርበት ስፍራ፣ ከዚህ ያላነሰ ምርመራ ይገባዋል፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላውም የሚታረቀውም በዚሁ ስፍራ ላይ ነውና። ከዳባትና ከደባርቅ እስከ ድብ ባሕር ባለው አገር የሚታየው ልማድ አንድ መሠረታዊ ነገር ያስረዳል፤ አጥርና ወሰን አንድ አይደሉም። አጥር የሚታጠረው በከብትና በአውሬ ላይ ነው፤ ወሰን ግን በሰዎች መካከል በምስክር ፊት የሚወሰን ነው። ሁለቱ ተለያይተው በኖሩበት ዘመን የወሰኑ ጠባቂ የጎረቤት ቃል ነበር። ሁለቱ አንድ መሆን ከጀመሩ ወዲህ ግን አጥሩ ራሱ የክርክር መነሻ እየሆነ መጥቷል።

፩. አገሩ

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ ደባርቅ ይገኛል። ቀድሞ በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የነበረው ይህ አገር ዛሬ የሰሜን ጎንደር ዞን ነው፤ የዞኑም ዋና ከተማ ደባርቅ ነው። ወገራ ሰፊና ነፋሻ ሜዳ ሲሆን ገብስ፣ ስንዴና ባቄላ ይበቅልበታል። ከደባርቅ በስተምሥራቅ የስሜን ተራሮች ይነሣሉ። በስተሰሜን ግን ደጋው በድንገት ይቆረጥና፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ወደ ዛሪማ ይወርዳል። ብርዳሙን የገብስ አገር ትቶ የተነሣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ማሽላና ጤፍ ከሚበቅልበት ሙቅ አገር ይደርሳል።

ይህ የአየር ልዩነት በአጥሩ ላይ በግልጥ ይታያል። ሰው የሚያጥረው ባገኘው ነገር ነውና የአጥሩ ዓይነት ከፍታውን ይከተላል። በደጋው እንጨት ስላነሰ ድንጋይ ይካባል፤ በወይና ደጋው አጋም፣ ቀጋና ቁልቋል ሕያው አጥር ሆነው ይተከላሉ፤ በቆላው የግራር እሾህ ተቆርጦ ይከመራል፣ ቅንጭብም ይተከላል። ከሊማሊሞ ራስ እስከ ድብ ባሕር የሚወርድ ተመልካች የአጥሩን መለዋወጥ ብቻ እያየ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ ሊገምት ይችላል።

፪. ቃላቱ

የቋንቋው ምስክርነት ለዚህ ነገር ዋና መግቢያ ነው። አጥር የሚለው ቃል ከግእዙ ሐጸረ የመጣ ነው፤ ሐጸረ ማለት ዙሪያውን ከበበ፣ አጠረ ማለት ሲሆን ስሙም ሐጹር ነው። ቅጥር ደግሞ ከግእዙ ቅጽር የወጣ ሆኖ ጸንቶ የተሠራ ግንብን፣ ከሁሉ አስቀድሞም የቤተ ክርስቲያንን ዙሪያ ያመለክታል። ካብ ያለ ጭቃ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተደረደረበት ነው። እነዚህ ሦስቱም ቃላት በዓይን የሚታይና በእጅ የሚዳሰስ ሥራን ይናገራሉ።

ወሰን የሚለው ቃል ግን ከሌላ ወገን ነው። ወሰነ ማለት ቈረጠ፣ ለነገር መጨረሻ አበጀለት ማለት ነው፤ ውሳኔ የሚለው ቃልም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው። ስለዚህ በአማርኛ ተናጋሪ ዘንድ ወሰን የዕቃ ስም ሳይሆን የፍርድ ስም ነው ማለት ይቻላል፤ ወሰን የተወሰነ ነገር ነው። በወሰኑ ላይ የሚቆመው ድንጋይም ውሳኔውን የሚያስታውስ ምልክት እንጂ ወሰኑ ራሱ አይደለም። ድንጋዩ በጎርፍ ቢወሰድ ወይም በማረሻ ቢገለበጥ ወሰኑ አይጠፋም፤ የወሰኑት ሰዎች ወይም ከእነርሱ የሰሙት እስካሉ ድረስ ድንጋዩ ተመልሶ ሊተከል ይችላል። ድንበርተኛ የሚለውም ስያሜ እንዲሁ ነው፤ በመሬት የሚዋሰኑ ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ድንበርተኛ ስለሚባሉ ቃሉ የሚያመለክተው መሬቱን ሳይሆን ሰውን ነው።

፫. የአጥሩ ሥራ

በዚህ አገር ዘወትር ታጥሮ የሚኖረው ግቢው ነው። በግቢው ውስጥ ቤቱ፣ በረቱ፣ ጎተራውና ጓሮው ይገኛሉ። ጓሮው በቤቱ አመድና በከብቶቹ ፍግ የዳበረ መሬት ስለ ሆነ ጎመኑ፣ ጌሾውና በርበሬው እንደየአየሩ ጠባይ ይተከልበታል፤ ዶሮና ፍየል እንዳይገቡበትም ይታጠራል። በረቱ ደግሞ ከጅብና ከነብር ይጠበቃል። የእንጨት አጥር ሲሆን ችካሉ በተርታ ይተከልና በአግድም ማገር ይያዛል፤ ማሰሪያው ሐረግ ወይም የዛፍ ልጥ ነው። ሥራው ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ ሲሆን ጎረቤት በወንፈል ወይም በደቦ ይጠራል፤ ባለቤቱም ጠላና እንጀራ ያቀርባል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ቁም ነገር አለ። አጥሩን አብሮ የሚያጥረው ያው ከአጥሩ ማዶ የሚኖረው ሰው ነው። ስለዚህ በጥንቱ ልማድ አጥር በጎረቤት ላይ የሚሠራ ነገር አልነበረም፤ ጎረቤቱ እጁን የሚያገባበት ሥራ ነበር። የወንድማማቾች ቤቶች በአንድ አጥር ውስጥ መገኘታቸው፣ በሁለት ግቢዎችም መካከል ሴቶችና ልጆች እሳትና ውኃ ለመዋዋስ የሚመላለሱበት ማለፊያ መተዉ ይህንኑ ያጸናል።

ሕያው አጥር ሌላ ጠባይ አለው። ቁልቋልና ቅንጭብ ነጭ ደማቸው ዓይን ስለሚጎዳ ከብት አይበላቸውም፤ አንድ ጊዜ ከተተከሉም ለብዙ ዘመን ይኖራሉ። አጋምና ቀጋ እሾሃቸው ሲጠብቅ ፍሬያቸው ለእረኛ ይሆናል። እንዲህ ያለው አጥር ግን እያደገና እየሰፋ ስለሚሄድ ከዓመታት በኋላ በመጀመሪያ ከተተከለበት መሥመር ይወጣል። ችካል ባለበት ይቆማል፤ ሕያው አጥር ይራመዳል። በዚህ ምክንያት የሕያው አጥር መሥመር ብቻውን ለወሰን ማስረጃ ሊሆን አይበቃም፤ ሽማግሌዎችም ከቁጥቋጦው ይልቅ በሥሩ ያለውን ድንጋይ ይፈልጋሉ።

፬. ያልታጠረው ማሳ

ግቢው ሲታጠር ማሳው ያለ አጥር መኖሩ ከሌላ አገር ለሚመጣ ተመልካች እንግዳ ሊመስለው ይችላል። ምክንያቱ ግን ግልጥ ነው። ማሳው የአንድ ሰው የሚሆነው ሰብል እስካለበት ጊዜ ድረስ ነው። አዝመራው ታጭዶ ወደ አውድማ ከተወሰደ በኋላ ቃርሚያውና ገለባው ለመንደሩ ከብት ሁሉ ይለቀቃል። ማሳውን በሙሉ ያጠረ ሰው ሰብሉን ብቻ የጠበቀ አይሆንም፤ የጎረቤቱን በሬም ከበጋ ግጦሹ የከለከለ ይሆናል። ስለዚህ በሰብል ወራት በከብት መሄጃው ዳር የሚደረገው የእሾህ አጥር ጊዜያዊ ነው፤ ወራቱ ሲያልፍ ይነሣል ወይም ለማገዶ ይውላል።

አጥር በሌለበት ሰብሉን የሚጠብቀው ሰው ነው። እረኛው ከብቱን ካልጠበቀና ከብቱ ማሳ ከገባ፣ ሽማግሌዎች ወይም የሠፈሩ ሰዎች ጥፋቱን አይተው ይገምታሉ፤ የከብቱም ባለቤት በእህል ይከፍላል። በስሜን ግርጌ ባሉ የገብስ ማሳዎች ደግሞ ጭላዳ በመንጋ እየወረደ ሰብል ያጠፋል። ለጭላዳ ካብ መወጣጫው እንጂ መከልከያው ስላይደለ ልጆች ወንጭፍ ይዘው ሲጠብቁ ይውላሉ። በጠቅላላው ሲታይ በሜዳው ላይ የሰው ዓይንና የሰው ግዴታ የአጥርን ሥራ ይሠሩ ነበር።

ከዚህ ጋር የርስት ሥርዓት ይያያዛል። የርስት መብት በአባትም በእናትም ትውልድ ተቈጥሮ እስከ አቅኚ አባት ድረስ ይወጣ ነበር። አለን ሆበን በ1973 በአውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው፣ ስለ ጎጃም ዳሞት በተጻፈው ጥናቱ እንዳስረዳው፣ በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው በእጁ ካለው መሬት የበለጠ ሊጠይቀው የሚችለው መሬት ይኖር ነበር፤ የዛሬው ይዞታም ነገ በሌላ ተወላጅ ሊጠየቅ ይችል ነበር። ርስት በሚገኝበት በበጌምድርና በስሜንም መሠረቱ ይኸው ነበር። ድርሻ ሊለወጥ በሚችልበት አገር ማሳን በጽኑ አጥር መክበብ ከዘመድ ሁሉ አስቀድሞ ነገሩ አልቆለታል ብሎ እንደ ማወጅ ይቈጠራል። ዛፍ መትከልና ካብ መካብ እንደ ሥራ ብቻ ሳይሆን እንደ ንግግር ይታዩ የነበሩት ስለዚህ ነው።

፭. ድንበር ሲገፋ

ድንበር መግፋት የሚባለው ጥፋት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን አይፈጸምም። በሁለት ማሳዎች መካከል ያለው ያልታረሰ የሣር ጥግ በየዓመቱ በአንድ ትልም ይጠባል፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጥጉ ያልቅና ትልሙ ወደ ጎረቤት መሬት ይገባል። ገፊው ምናልባት በሬዎቼ ሳቱ ይል ይሆናል። ጥፋቱ ትንሽ በትንሽ ስለሚሠራ ተገፊው መቼ መናገር እንዳለበት ለመወሰን ይቸገራል፤ ቀድሞ ቢናገር ነገረኛ ይባላል፣ ቢዘገይ ደግሞ ዝምታው እንደ ፈቃድ ይቈጠርበታል።

በቀድሞው ልማድ ተገፊው ባለበሬውን በንጉሡ ስም ማቆም ይችል ነበር። በንጉሥ አምላክ የተባለ ሰው ነገሩ በዳኛ እስኪታይ ድረስ ሥራውን ማቆም ይገባው ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎች ወደ ስፍራው ይወጣሉ። በሁለቱም ወገን የሚዋሰኑ ሌሎች ድንበርተኞች፣ በመሬቱ ላይ ያረሱ አሮጌ ገበሬዎችና በልጅነታቸው ከብት የጠበቁበት ሰዎች ይጠየቃሉ። ቃላቸው ካልተስማማ ነገሩ ወደ መሐላ ይሄዳል፤ ክርስቲያኑ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ፣ እስላሙም በቁርዓን ይምላል። በካህን የሚጣለው ግዝትም እውነቱን የሚያውቅና የሚሸሽግ ሰው እንዲናገር ያስገድደዋል። በኦሪት ዘዳግም የባልንጀራውን የወሰን ምልክት የሚያፈልስ ሰው ርጉም መሆኑ ስለ ተጻፈ፣ ድንበር ገፊነት በምእመናን ዘንድ የመሬት ጥፋት ብቻ ሳይሆን ኃጢአትም ሆኖ ይታያል። ነገሩ ሲፈጸም ድንጋዩ በሁሉም ፊት እንደገና ይተከላል፤ በሥፍራው የቆሙ ልጆችም የነገ ምስክሮች ይሆናሉ።

ይህ ሥርዓት ድካም እንደ ነበረበት አይካድም። ምስክር በዝምድና ያዳላ ነበር፤ ድኃና ባልቴት፣ ከሌላ አገር መጥቶ የሠፈረም ሰው ብዙ ምስክር አያገኙም ነበር። ሽማግሌው ካልታመነ ነገሩ ወደ ጭቃ ሹሙ፣ ከ1947 በአውሮፓ አቈጣጠር አዋጅ በኋላም ወደ አጥቢያ ዳኛው ይሄድ ነበር። በዚያም ካልበረደ ወደ ደም ሊደርስ ይችላል። በአንድ ትልም መሬት የተነሣ ጠብ ሰው አስገድሎ፣ ደሙም በተራው ሌላ ደም አስፈልጎ በሽማግሌ እርቅና በካሳ እስኪዘጋ ድረስ ሁለት ቤተ ሰቦችን ለብዙ ጊዜ ማለያየቱ በደጋው አገር የታወቀ ነው። የወሰን ነገር ከባድ የሚሆነው የመሬቱ ስፋት ትልቅ ስለ ሆነ አይደለም፤ ዝም ያለ ሰው በሠፈሩ ዘንድ እንደ ተናቀ ስለሚቈጠር ነው።

፮. ሕጉ፣ ደብተሩና ካርታው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጎረቤትን ነገር በጽሑፍ አስፍሯል። አንቀጽ 1225 ባለሀብት በመብቱ ሲሠራ ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዝዛል። አንቀጽ 1149 ደግሞ ይዞታው የተነጠቀበት ወይም ሁከት የተነሣበት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ ለዳኛ እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ይህ የሁለት ዓመት ገደብ ከላይ ለተነገረው ቀስ በቀስ ለሚገፋ ድንበር አስቸጋሪ ነው፤ ትልሙ በየዓመቱ ሲጨመር ሁከቱ የጀመረበትን ቀን ማስረዳት ቀላል አይደለምና።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን የሕዝብ ሀብት ሲያደርግ የርስት ክርክር በሕግ አበቃ። ወሰኑ ግን አልቀረም፤ ወሳኙ ተለወጠ። አቅኚ አባትን የሚቈጥሩ ተወላጆች በነበሩበት ስፍራ የገበሬ ማኅበር ተተካ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር በየቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ተመርጦ ማሳው በገመድ ተለካ፤ በደብተሩም ላይ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ተጻፈ። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። የመጀመሪያው ደብተር ካርታ አልነበረውም፤ ወሰንን የገለጠው እንደ ጥንቱ በድንበርተኛ ስም ነው። ወረቀቱ የሽማግሌውን ልማድ አላፈረሰውም፤ በቀለም ጻፈው እንጂ።

በኋላ የመጣው ሁለተኛው ደረጃ ግን ከአየር በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ የእያንዳንዱን ማሳ መሥመር አሥምሮ ቁጥርና ካርታ ሰጠው። ጥቅሙ ብዙ ነው። ባልቴቷና ምስክር የሌለው ሰው የሚያሳዩት ነገር አገኙ፤ ባልና ሚስትም በአንድ ደብተር ላይ ስማቸው ተጻፈ፤ በየዓመቱ አንድ ትልም የሚገፋውም ሰው ከካርታው ሊያመልጥ አይችልም። ይሁን እንጂ ካርታው እውነተኛ የሚሆነው ድንበርተኞቹ በማሳው ላይ ቆመው መሥመሩን ባሳዩበት ቀን ሁለቱም ከተገኙና ከተስማሙ ነው። በዚያ ቀን አንዱ ቀርቶ ከሆነ ስሕተቱ ከሽማግሌ ቃል ይልቅ ለማረም ይከብዳል። ስለዚህ ወሰን ዛሬም የሚወሰነው በሰዎች መካከል ነው፤ የተለወጠው ውሳኔው የሚቀመጥበት ስፍራ ነው።

፯. አጥሩ ወሰን ሲሆን

በአፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገር የገባው ባሕር ዛፍ በወገራ ሜዳ የአጥርን ጠባይ ለውጧል። በማሳ ዳር በተርታ የተተከለ ባሕር ዛፍ የነፋስ መከላከያ፣ የቤት እንጨትና ገንዘብ ነው፤ ከዚህም በላይ ድንጋይ እንደሚነቀል በቀላሉ ስለማይነቀል የወሰን ምልክት ይሆናል። ነገር ግን ጥላውና ሥሩ በአንድ ወገን አይቆሙም። በአጠገቡ ያለው ገብስ ይቀጭጫል፤ ጥቅሙን የሚያገኘው ተካዩ ሲሆን ከጉዳቱ አንዱን እጅ የሚሸከመው ድንበርተኛው ነው። ከብት ለመከልከል ያልተተከለ፣ ከሰው ጋር ግን የሚያከራክር የመጀመሪያው ሰፊ አጥር ይህ ነው።

በዳባትና በደባርቅ ከተሞች ደግሞ የቆርቆሮ አጥር ተስፋፍቷል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነና፣ በኋላም በ2004 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 721 በሊዝ መሰጠቱ ከጸና ወዲህ ግቢ የሚለካው በካሬ ሜትር፣ የሚታወቀውም በማዘጋጃ ቤት ፕላን ነው። ቆርቆሮው በፕላኑ መሥመር ላይ ይቆማል፤ አጥሩና ወሰኑም በፍጹም አንድ ይሆናሉ። በዚህ አጥር ውስጥ ማለፊያ የለም፤ ጎረቤትም በደቦ አይጠራበትም። ክርክር ሲነሣ የሚመጣው በሜዳው ላይ ያደገ ሽማግሌ ሳይሆን ሜትር የያዘ ባለሙያ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ሲቋቋም ወሰን ተሰጠው፤ አጥር ግን አልነበረውም። በ1978 በአውሮፓ አቈጣጠር የዓለም ቅርስ ሆነ፤ በውስጡና በዙሪያው ያሉት ሰዎች ግን ማረሳቸውንና ከብት ማሰማራታቸውን ቀጠሉ። በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በኋላ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተሠምሮ አንዳንድ መንደሮች ወደ ውጭ ሲቀሩ ሊማሊሞና መሳረሪያ ተጨመሩ፤ ስፋቱም ከ136 ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ። የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተዛወሩ፤ በ2017 በአውሮፓ አቈጣጠር ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። ለዋሊያና ለጭላዳ የተገኘው ጥበቃ ትልቅ ነገር ነው፤ ከዚሁ ጋር አንድ መሥመር በካርታ ላይ ሲወሰን አጥር ሳያስፈልገው የሰውን መኖሪያ ሊለውጥ እንደሚችል ይህ ታሪክ ያሳያል።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። በእንግሊዝ አገር ከ1604 እስከ 1914 ከ5,200 የሚበልጡ የማጠሪያ ሕጎች በምክር ቤት ወጥተው 6.8 ሚሊዮን ኤከር ያህል መሬት ተከልሏል። ከአዝመራ በኋላ ለሁሉ ይለቀቅ የነበረው ማሳ ታጠረ፤ ባለርስቱ ምርቱን ሲያበዛ አንዲት ላም ብቻ የነበረችው ድኃ ግጦሹን አጣ። በወገራ ሜዳው አሁንም በብዛት ያልታጠረ ስለ ሆነ ነገሩ ከዚያ አልደረሰም። ነገር ግን ከብትን በደጅ አስሮ የመመገብ ምክር እየጸና፣ የማሳም ጥበት እየባሰ ሲሄድ፣ የበጋ ግጦሹ የማን ነው የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም።

እንግዲህ በዚህ አገር የወሰንን ነገር ለሚያጠና ሰው የአጥሩን ቁመትና ዓይነት መመዝገብ ብቻውን አይበቃውም። ይህ አጥር የቆመው በምን ላይ ነው፣ በከብት ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ፣ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል። በድብ ባሕር የእሾህ ክምርና በደባርቅ ቆርቆሮ መካከል ያለው ልዩነት የዕቃ ልዩነት ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ጎረቤት ምስክር ነው፤ በሁለተኛው ባለጋራ ሊሆን የቀረበ ሰው ነው። ካርታው ትክክል የሆነ መሥመር ይሰጣል፤ መሥመሩ እንዲከበር የሚያደርገው ግን ዛሬም ቢሆን በሁለቱ ወገን የቆሙት ሰዎች መሥመሩን አብረው ማወቃቸው ነው።